ዝግባ ጠያቂው መምህር ላምቦሬ

መምህር ላምቦሬ ባለፈው ሐሙስ ማለዳ ሆሳዕና በሚገኘው ቤታቸው ዐርፈዋል። ሲያርፉ አጠገባቸው የነበርነው ባለቤታቸው ወይዘሮ አማረች፣ ከዱራሜ የመጣችው ልጃቸው ማርታ፣ ጎረቤታቸው አቶ ሄራሞ እና እኔ ነን። ሕመማቸው ረጅም ነበር፤ አሟሟታቸው ግን ጸጥ ያለ ነበር። ይህን የምጽፈው ለሚያውቋቸው ሁሉ፣ በተለይም በክረምቱ የትምህርት ዕረፍት ልጆቻቸውን ወደ እሳቸው ይልኩ ለነበሩ ወላጆች ነው።

እኔ በክፍላቸው አልተማርኩም። በአንጋጫ መንገድ ዳር ችግኝ አፈላለሁ፤ ስለ ዛፍ የማውቀውም እያፈላሁና ያገኘሁትን እያነበብኩ ያጠራቀምኩት ነው። መምህር ላምቦሬ ለብዙ ዓመታት ሳይንስ አስተምረው ጡረታ ከወጡ በኋላ አንድ ቀን ወደ ችግኝ መደቦቼ መጡ።

«አገር በቀል አለህ?»

ዋንዛና ኮሶ አሳየኋቸው።

«ያኛውስ?»

«እሱ ግራቪሊያ ነው፤ መጤ ነው።»

«እንግዲያው ክረምቱን ከእኔ ጋር ትሠራለህ» አሉኝ። ሠራሁ።

ትምህርታቸው ክፍልም ሰሌዳም አልነበረውም። እያንዳንዱ ልጅ በከተማው ውስጥ አንድ አገር በቀል ዛፍ ይመርጥና ክረምቱን ሙሉ ይጠይቀዋል። አጠያየቁ የታመመ ዘመድ እንደሚጠየቀው ነው። ባዶ እጅ አይኬድም፤ ፍግ፣ አመድ ወይም የደረቀ ቅጠል ይያዛል። ሲመለሱ መምህር በረንዳቸው ላይ ይቀበሏቸዋል።

«እንዴት ሰነበተ ዘመድህ?»

«ደህና ነው፣ ቲቸር።»

«ደህና ነው የሚባለው መንገድ ላይ ለሚያገኙት ሰው ነው። ለእኔ ያየኸውን ንገረኝ።»

ልጁ ተመልሶ ይሄድ ነበር፤ ዝናብ ቢሆንም ይሄዳል። አማርኛ የሚያስቸግረው ልጅ ያየውን በሀዲይኛ ወይም በከምባትኛ ይናገራል። አንድ ጊዜ ከአንጋጫ አክስቷ ዘንድ የመጣች ልጅ የዛፏን ስም በከምባትኛ ስትጠራ የሆሳዕና ልጆች ሳቁባት። መምህር አልተቆጡም። ሁሉንም አስነሥተው ስሙን እሷ እንዳለችው እስኪሉት ድረስ አስደገሟቸው። አራሚዋ እሷው ነበረች፤ እየሳቀች ነበር የምታርመው።

ካለፈው ክረምት የማስታውሰው ግን የአቶ ሄራሞን ዝግባ ነው። ዝግባ ወንዱና ሴቷ ለየብቻ የሚበቅሉበት ዛፍ ነው። ወንዱ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አለ። ፍሬ የምትሰጠዋ ሴቷ ግን በአቶ ሄራሞ ግቢ ነበረች፤ በእግራችን በደረስንበት ሁሉ ሌላ አላገኘንም። ልጆቹ ባልና ሚስት ይሏቸው ነበር። ሚስቲቱን የምትጠይቀው ሳራ የምትባል የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። አንድ ቀን ስትመለስ፣ «ፍሬዋ ገና አረንጓዴ ነው። ግንዷ ላይ ግን በቀይ ቀለም ምልክት ተደርጎባታል» አለች።

አቶ ሄራሞ መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ቤት አላቸው። በግቢያቸው የሚከራዩ ክፍሎች ሊሠሩ ነበር። ቦታው እንዳይበቃ ያደረገው ከድንበርተኛቸው ከአቶ ዴታሞ ጋር የሚጣሉበት ቁራሽ መሬት ነው፤ እሱን ላለመንካት ዝግባዋን መቁረጥ ነበረባቸው። መምህር ሄደው ለመኗቸው።

«ፍሬው እስኪበስል ይታገሡን።»

«መምህር፣ ግንበኛው ሰኞ ይገባል። ዝግባ ኪራይ አይከፍልም።»

መምህር ተመልሰው ለልጆቹ እውነቱን ነገሯቸው። «አልሆነም። ዘመድ ሲያጣጥር ብቻውን አይተውም፤ እሑድ ከሰዓት ሄደን እንሰናበታታለን» አሉ።

እሑድ መምህር ቤተ ክርስቲያን ስብሰባ ላይ ዘገዩ። ልጆቹ ቀድመው ሄዱ፤ የአቶ ሄራሞ በር ክፍት ነበር፣ ቤቱ ውስጥ ሰው አልነበረም። ሳራ የእናቷን ነጠላ አዘቅዝቃ ከዛፏ ሥር ተቀመጠችና «ወይኔ ዘመዴ!» ብላ ጀመረች። ሌሎቹ ተከተሏት። መጀመሪያ ጨዋታ ነበር አሉኝ፤ በኋላ የእውነት አለቀሱ።

በእኛ ሰፈር ለቅሶ ከተሰማ ማን ሞተ ተብሎ ከውጭ አይጠየቅም፤ ይገባል። ሴቶቹ ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ ገቡ። የእድሩ ሰዎች የድንኳን ቋሚ ተሸክመው መጡ። ከሁሉ ቀድመው የደረሱት ግን ለዓመታት አቶ ሄራሞን አኩርፈው የኖሩት አቶ ዴታሞ ነበሩ፤ «ወንድሜን!» እያሉ ደረታቸውን ይመቱ ነበር።

እኔና መምህር ስንደርስ አቶ ሄራሞም ከባጃጅ ወረዱ። ድንኳኑን አይተው ደነገጡ።

«ማን ነው የሞተው?»

«አንተው ነህ እንጂ!» አሉ አንዲት ባልቴት፣ እንባቸውን ሳይጠርጉ።

ከዛፏ ሥር አንድ ትንሽ ልጅ፣ «ጋሼ፣ እኛ ለዝግባዋ ነው» አለ። አንዳንዱ ሳቀ፤ የእድሩ ሰዎች ተቆጡ። አቶ ሄራሞ ወደ መምህር ዞሩ፦

«በቁሜ አስለቀሱብኝ!»

መምህር ላምቦሬ አልሳቁም። «ጥፋቱ የልጆቹ አይደለም። ተሰናበቱ ያልኳቸው እኔ ነኝ፤ እንዴት እንደሚሰናበቱ ሳልነግራቸው ቀረሁ» አሉ። ከዚያም ልጆቹን አስከትለው፣ ሲያለቅስ ወደነበረው ሰው ቤት ሁሉ እየሄዱ ይቅርታ ጠየቁ። በየደጁ ቀድመው የሚያጎነብሱት እሳቸው ነበሩ። ያን ጊዜም ሕመሙ ጀምሯቸው ስለነበር ዳገቱ ላይ ቆም ይሉ ነበር።

መጨረሻ አቶ ሄራሞ ዘንድ ደረስን። ቁጣቸው በርዶ ነበር። እኔ መምህርን ቀስ ብዬ፣ «አሁን ስለ ዛፏ ቢጠይቋቸው እሺ ይላሉ» አልኳቸው።

«አሁን ከለመንኩ ይቅርታዬ የልመና መግቢያ ነበር ማለት ነው። ይቅርታ ለብቻው ይግባ» አሉኝ።

ይቅርታ ብቻ ጠይቀው ወጡ። ዛፏን አላነሡም። ሳራ ወደ ዝግባዋ ዞር ዞር እያለች ተከተለቻቸው።

ሰኞ ግንበኛው መጣ፤ የመጋዝ ድምፅ ግን አልተሰማም። ረፋዱ ላይ አቶ ሄራሞ ወደ መምህር በረንዳ መጡ።

«መምህር፣ ያ ዴታሞ ትናንት የእውነት ነው ያለቀሰው?»

«አየሁት። የእውነት ነው።»

«አሁን ከሞት ተነሥቼ ምን ልበለው?»

«እንዴት አደርክ ይበሉት።»

አቶ ሄራሞ ሄዱ። ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ጎረቤታሞች ከግንበኛው ጋር በዚያችው በተጣሉባት መሬት ላይ ገመድ ሲወጥሩ አየን። ግድግዳው የጋራ እንዲሆን ተስማምተው ኖሯል። ክፍሎቹ ወደዚያ ተገፉ፤ ዝግባዋ ቀረች። አንድ ትልቅ ቅርንጫፏ ለጣሪያው ሲባል ተቆርጧል፤ ዛሬም በዚያ በኩል ጎደሎ ናት።

ፍሬዋ ቢጫ ሆኖ ሲረግፍ መምህር አልጋ ይዘው ነበር። ልጆቹ ለቅመው አመጡላቸው። የተበሳውን ከደህናው በጣታቸው እየዳሰሱ ለዩና፣ «ቅርፊቱ ጠንካራ ነው፤ ይዘገያል። አትቆፍሩና አትዩት» አሉን። ወደ እኔ መደብ ወስደን ዘራነው።

አቶ ሄራሞና አቶ ዴታሞ ያን ሰኞ ምን ተባብለው እንደታረቁ አልሰማሁም። መጀመሪያ ያናገረው ማን እንደሆነም አላውቅም። በዚያ እሑድ ከልጆቹ ጋር ከዛፏ ሥር የነበራችሁ፣ ድንኳን ይዛችሁ የመጣችሁም፣ የጎደለውን ጨምሩበት፤ የተሳሳትኩትን አርሙ።

መምህር፣ ዘሩ እስከ ዛሬ ጠዋት አልበቀለም። በቅሏል ብዬ ብሸኝዎ ደስ ባለኝ፤ ግን ውሸት ይሆናል፣ እርስዎም አይቀበሉኝም። አልቆፈርንም። ሳራ በየቀኑ ትመጣለች፤ መደቡ አጠገብ ትቀመጥና አፈሩን ሳትነካ ትሄዳለች። ክረምቱ ሲገባ ልጆቹን እኔ ይዤ እወጣለሁ። ደክመዋልና እርስዎ ይረፉ።