ስሜ የተጻፈበት ስብሰባ

ዛሬ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ ስሜ የረባሾች ዝርዝር ውስጥ ገባ!

ቡርቃ ጃቶ ሰፈር፣ የእድራችን ስብሰባ ላይ ነን። ድንኳኑ ይለወጥ አይለወጥ ብለን ሁላችንም በአንዴ እናወራለን። ሰብሳቢው ገመቹ ጠረጴዛ ቢደበድብ ማን ሰምቶት!

ገመቹን በጃንሆይ ጊዜ እዚሁ ነቀምቴ አስተምሬዋለሁ፤ የክፍል አለቃ ነበር። እኔ ከሸዋ የመጣሁ፣ ጢሜ በቅጡ ያልበቀለ አስተማሪ። ልጆቹ ሲንጫጩ ብጮህ ብጮህ አልችላቸውም። እሱ ግን ጠመኔ አንስቶ ሰሌዳው ላይ «ረባሾች» ብሎ ሲጽፍ ክፍሉ እረጭ ይላል። ስሙ የተጻፈ ልጅ ከአለንጋዬ አያመልጥማ።

ዛሬም ወረቀት አወጣና «ስም ልጽፍ ነው!» አለ።

ያ ሁሉ ሽበታም እጁን አጣምሮ ጸጥ! አብዛኞቹ የዚያው ክፍል ልጆች ናቸው።

እኔ ሳቄ አመለጠኝ።

«በርሲሳ ኮ» አለኝ፣ መምህሬ ማለቱ ነው። «ያኔም ከሁሉም በላይ የሚጮኹት እርስዎ ነበሩ። ፈርቼ ነው ያልጻፍኩዎት።»

ይኸው ከሃምሳ ዓመት በኋላ ደፈረ። ጻፈኝ፤ ያውም ብቻዬን።

እናንተስ፣ የክፍል አለቃችሁ ስንቴ ጽፏችኋል? «እኔ ጨዋ ነበርኩ» የምትሉ የነቀምቴ ልጆች ግን ተጠንቀቁ፤ ገመቹም ፌስቡክ ከፍቷል።