የነርቭ ክፍሉ ጨው

ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ ስሜን አልጠየቀኝም። «ስንት ቋንቋ ታውቂያለሽ?» ነበር ያለኝ። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ስዋሂሊ፣ እንግሊዝኛ ብዬ ስቆጥርለት ፊቱ በራ። «በቃ፣ ሲስታ፣ አንቺ የነርቭ ክፍል ነሽ» አለና የቁምሳጥን ቁልፍ ሰጠኝ። እኔ ነርስ የሆንኩት ሴቶች ላዋልድ አስቤ ነበር። በኬንያዋ ሞያሌ ጤና ጣቢያ ግን እብድ ማከም ማለት በዋናነት አስተርጓሚ መሆን ነበር።

ዘመኑ የፈረንጆቹ ሰባዎቹ ማብቂያ ነው። «የነርቭ ክፍል» የሚባለው ድሮ የሲሚንቶ መጋዘን የነበረ ቤት ሲሆን፣ ያለው ንብረት አንድ አግዳሚ ወንበር፣ የመርፌ መቀቀያ ከነምድጃው፣ ቁምሳጥንና ጥቁር ሰሌዳ ነው። አለቃዬ ሙቲሶ ክሊኒካል ኦፊሰር ነበር፤ ከነርስ በላይ፣ ከሐኪም በታች ማለት ነው። ከተማው ግን «ዳክታሪ» ይለዋል፤ እሱም አንድ ቀን እንኳ ሰው አርሞ አያውቅም። በዕድሜ አባቴ ይሆናል፤ ነገር ግን የምንነጋገረው በስዋሂሊ ስለሆነ፣ ስዋሂሊ ደግሞ አንተና አንቱ ስለማይለይ፣ እኔም እሱ እያልኩ ቀረሁ። ሁለት ነገር ይወዳል፤ ማስተማርና ምሳ።

ገና ቁልፉን ሳልለምደው ሰሌዳው ፊት አቆመኝና ሁለት ክብ ሣለ። «ይህ የኬንያ ሞያሌ ነው፤ ይህ የኢትዮጵያ ሞያሌ። ሁለቱም ነርቭ ናቸው። አይነካኩም፣ መሃላቸው ክፍተት አለ። መልእክት ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግረው ኬሚካል ነው። ኬሚካሉ ማዶ ባለው መቀበያ ወንበር ላይ ሲቀመጥ መልእክቱ ደረሰ ይባላል።»

«ከዚያስ?» አልኩት።

«ከዚያማ ኬሚካሉ ወደመጣበት ይመለሳል። እንደ ኮንትሮባንድ ነጋዴ፣ አራግፎ ወደ ቤቱ!» አለና በራሱ ቀልድ ብቻውን ሳቀ። ይህችን ቀልድ አብረን በሠራንባቸው ዓመታት ሁሉ ሰምቻታለሁ።

ቁምሳጥኑ ውስጥ በብዛት የነበረው ክሎርፕሮማዚን ነው። ሥራው፣ እንደ ሙቲሶ ሰሌዳ፣ ዶፓሚን የሚባለው መልእክተኛ የሚቀመጥበትን ወንበር ቀድሞ መያዝ ነው። መልእክተኛው ይመጣል፣ ወንበሩ ተይዟል፣ ይመለሳል። ማንም ሳይናገር ድምፅ የሚሰማው ሰው ከጊዜ በኋላ ጸጥታ ያገኛል። ችግሩ ኪኒኑ የትኛው ወንበር የእብደቱ፣ የትኛው የእግር ማንቀሳቀሻው እንደሆነ አይጠይቅም። ሰርግ ላይ ከነአጃቢዎቹ እንደሚመጣ ሹም ሁሉንም ይይዛል። ስለዚህ በሽተኞቻችን ድምፁ ሲለቃቸው እግራቸው ይተሳሰራል፣ ለሃጫቸው ይዝረከረካል። ለዚያ ደግሞ ቤንዝሄክሶል የሚባል ሌላ ኪኒን እንሰጣለን። ለኪኒን ኪኒን መስጠት ለማስረዳት አራቱም ቋንቋዎቼ አልበቁኝም።

ክሎርፕሮማዚን የሚወስድ ሰው ቆዳው በፀሐይ ቶሎ ይቃጠላል። ትምህርት ቤት «በሽተኛው ጥላ ሥር እንዲቀመጥ ምከሩ» ተብለናል። ዛፍ በማይታይበት በጎልቦ ቆላ ግመል የሚጠብቅ አንድ ቦረና ይህን ምክር በትዕግሥት ሰምቶኝ ሲያበቃ፣ «ጥላውን ከኪኒኑ ጋር ነው የምትሰጪኝ?» አለኝ። እሱን በወር አንዴ የሚወጋ፣ በዘይት የተዘጋጀና ቀስ እያለ ደም ውስጥ የሚገባ መርፌ ላይ አዛወርነው። ከዚያ በኋላ ግመሎቹ ሲፈቅዱለት ይመጣ ነበር።

ሄሉ ሰፈር የምትኖር አንዲት እናት ደግሞ ልጇ ከሞተባት ጀምሮ አፏን ዘግታ ቀረች። አሚትሪፕቲሊን ጀመርንላት። ይህኛው ወንበር አይይዝም፤ መልእክተኛው ወደመጣበት የሚመለስበትን በር ይዘጋል፣ ስለዚህ ክፍተቱ ውስጥ ይቆያል። ጥቂት ቀን ወስዳ ጠርሙሱን መልሳ አመጣችልኝ። «አፌን አደረቀው እንጂ ልቤ ጋ አልደረሰም» አለች። አፍ በማግስቱ ይደርቃል፣ ልብ ግን ሳምንታት ይፈልጋል ብዬ ለምኜ መለስኳት። አንድ ጠዋት መጥታ «ይህ ሻሽ አያምርብኝም?» ስትለኝ እንባዬ መጣ። ሙቲሶ ከጀርባዬ ሆኖ ስለተዘጋው በር ሊያስረዳት ሲጀምር አስወጣሁት።

ዲያዜፓም የተለየ ደንበኛ ነበረው። አንጎል የራሱ ፍሬን አለው፤ ዲያዜፓም ፍሬኑን የሚረግጠውን እግር ያከብዳል። የመኪና አገር ስለሆነ ይህን ለማስረዳት ሰሌዳም አላስፈለገም። የከተማው ትልልቅ ሰዎች ይወዱታል፣ ግን ከእብድ ጋር አግዳሚ ላይ አይቀመጡም፤ በጓሮ በር ነው የሚመጡት። ከሁሉ የሚያዘወትሩት ባለ መኪናው አቶ ደጀኔ ነበሩ። «ሲስተር፣ የእንቅልፏን» ይሉኛል ዝቅ ባለ ድምፅ። «ይቺ የእብድ መድኃኒት አይደለችም፣ አይደል?»

«ከዚያው ቁምሳጥን ነው የምትወጣው» አልኳቸው። አልወደዱልኝም። ስታልቅባቸው እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እሱን ግን ነፋሱ ነው ይሉ ነበር።

ሊቲየም ቁምሳጥናችን ውስጥ አልነበረም። የመጣው ከናይሮቢ በግርማ ኪስ ነው።

ግርማ የአቶ ደጀኔን የከብት መኪና የሚነዳ ሾፌር ነበር። ሚስቱ ጽጌ ከኬላው አጠገብ ሆቴል አላት፤ ሆቴል ስል ጥቂት ጠረጴዛና ብዙ የሾፌር ጩኸት ማለቴ ነው። ግርማ ናይሮቢ ከብቱን ካራገፈ በኋላ እንቅልፍ አጥቶ ሰነበተና፣ አንድ ቀን አደባባይ መሃል ቆሞ ትራፊክ ማስተናበር ጀመረ። ያዩት ሾፌሮች እንደሚምሉት መንገዱ እንደዚያን ቀን ቀንቶ አያውቅም። ፖሊሶቹ ግን ሥራቸው ስለተነካ ሐኪም ቤት ወሰዱት። ሐኪሙ ሊቲየም አዘዘለትና እንዳይደነግጥ ብሎ «ኒ ቹምቪ ቱ» አለው፤ ጨው ብቻ ነው።

ሐኪሙ አልዋሸም። ሊቲየም በእርግጥ የጨው ዓይነት ነው። ነገር ግን ቹምቪ ሞያሌ ገበያ ላይ ሕፃን ልጅ እንኳ የሚላክበት ቃል ነው። ግርማ ቃሉን በሁለት እጁ ተቀበለው። አቶ ደጀኔ «እብድ መኪናዬን አይነዳም» ባይ ናቸው፤ ጨው የሚውጥ ሾፌር ግን ማንም አይከለክልም። ስለዚህ ለባልደረቦቹም ለጽጌም «ጨው ነው የሰጡኝ» አለ። እውነቱን የነገረው ለእኔና ለሙቲሶ ብቻ ነበር፤ እኛም ምስጢሩን ጠበቅንለት።

ሊቲየም እንዴት እንደሚሠራ ስጠይቀው ሙቲሶ ጠመኔውን አነሳና መልሶ አስቀመጠው። «በትክክል የሚያውቅ የለም። ወንበር አይይዝም፣ በር አይዘጋም። ነርቩ ውስጥ ገብቶ ከልኩ በላይ የሚጮኸውን ያረግባል ይላሉ። የሚያድነው መጠንና የሚገድለው መጠን ግን ጎረቤታሞች ናቸው።» ከናይሮቢ የተሰጠው ትእዛዝ ደሙ በየጊዜው እንዲመረመር ነበር። መመርመሪያው ያለው ናይሮቢ ነው። በኮንቮይ፣ በታጀበው የመኪና ሰልፍ፣ የተላከ ደም መንገድ ላይ ያለችው ኢሲዮሎ ሳይደርስ በሙቀት ይቀቀላል።

በዚያው ሰሞን ዝናቡ መንገዱን ቆረጠውና ኮንቮዩ ቆመ። ግርማ ቤት ዋለ። የጽጌም ወጥ ጨው አጣ።

መጀመሪያ ረስታ ነው ተባለ። ነገር ግን ወጡ በማግስቱም በሳልስቱም አልጫ ያለ ጨው ሆነ። ሾፌሮቹ ጨው በወረቀት ጠቅልለው በኪሳቸው ይዘው መምጣት ጀመሩ። ጽጌ «ለጤና ነው፣ ያልፈለገ ሌላ ቤት ይብላ» ትላለች። ሙቲሶ በየምሳው ይጮህባታል። «ሚሚ ሲ ምጎንጅዋ!» ይላታል፤ እኔ በሽተኛ አይደለሁም። ግርማ ብቻ ምንም ሳይል ይበላ ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ፖሊስ ግርማን እየጎተተ አመጣው። ይንገዳገዳል፣ ይንቀጠቀጣል፣ አስመልሶ ልብሱን አበላሽቷል፣ ምላሱ ተሳስሯል። ፖሊሱ «ሰክሯል» አለ። ተከትለው የመጡት ጫት ነው አሉ። አቶ ደጀኔም ደርሰው «ሰካራም መኪናዬን አይነዳም!» ብለው ፈረዱ። ጽጌ ሊጥ የያዘ እጇን እንኳ ሳትታጠብ ነው የሮጠችው።

ሙቲሶ የግርማን አፍ አሸተተ። መጠጥ የለም። ኪሱን ፈትሾ የሊቲየሙን ጠርሙስ አወጣ። ከዚያ ወደ ጽጌ ዞረና «ወጥሽ ጨው ካጣ ስንት ጊዜው ነው?» አላት።

በዚህ ሰዓት እንኳ ሆዱን ያስባል ብዬ ደሜ ፈላ።

ጽጌ ግራ ገብቷት «ዳክታሪ፣ ግርማ ጨው በኪኒን ይወስዳል አይደል?» አለች። «በሁለት በኩል ሲገባበት እንዳይጎዳው ብዬ ከወጡ ላይ አነሳሁለት። ድስቴ ደግሞ አንድ ነው።»

ሙቲሶ አግዳሚው ላይ ዝርፍጥ አለ። እየቆጨው፣ ያለ ሰሌዳ፣ ሌሎቹ እንዳይሰሙ ዝቅ ባለ ድምፅ አስረዳኝ። ኩላሊት ኬላ ነው፤ ሁለቱ ጨዎች ይምታቱበታል። የወጥ ጨው እንደልቡ ሲመላለስ ሊቲየሙም አብሮ ወደ ሽንት ያልፋል። የወጥ ጨው ሲጠፋ ግን ኬላው ይደነግጥና ጨው የሚመስለውን ሁሉ ይዞ አይለቅም። ሊቲየሙ ደም ውስጥ ይጠራቀማል፣ አንጎልን ይመርዛል። ግርማ ደግሞ ይህን ሁሉ አያውቅም፤ ወጡ ባይጥመውም መቃወም አይችልም ነበር። ጨው ነው የምወስደው ያለው ራሱ ነው።

ሊቲየሙን ቆለፍንበትና የጤና ጣቢያው አልጋ ላይ አስተኛነው። መንገድ የለም፣ የሚልኩበት አውሮፕላን የለም፤ ያለን በደም ሥር የሚንጠለጠለው ጠርሙስ ብቻ ነው። ደም ሥሩን ሳገኝለት ጽጌ ትንሽ ተንፈስ አለች። ሞያሌ ውስጥ የሚንጠለጠል ነገር ሁሉ ግሉኮስ ይባላል፣ ግሉኮስን የማይወድ ደግሞ የለም። «ግሉኮስ ነው፣ አይደል ዳክታሪ?» አለችው።

ሙቲሶ ማዕረጉን በተመለከተ እንጂ በመድኃኒት ነገር ዋሽቶ አያውቅም። «ሃፓና። ማጂ ና ቹምቪ» አላት። አይደለም፣ ውሃና ጨው ነው ማለቱ ነው።

ጽጌ ጮኻ ቱቦውን ልትነቅል ዘለለች። ወገቧን ያዝኳት። ጉልበቷ ከእኔ ይበልጣል። «ልትጨርሱት ነው! ጨው የጎዳውን ሰው ደግሞ በጨው!»

«ጽጌ፣ የጎደለበትን ነው የምንመልስለት!» ብዬ ጮኽኩባት። «ከወጡ ላይ ያነሳሽውን ነው!»

ያኔ ገባት። ሲገባት ያየሁትን ፊት ዛሬም አልረሳውም፤ አንጀቴን በላችው። ግርጌው ተቀምጣ እግሩን ያዘች። ሙቲሶ ሽንቱን በማሰሮ እየለካ እስኪመሽ ከአልጋው አልተለየም። ምሳውን ሳይበላ ሲውል ያየሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው።

መንቀጥቀጡ ለቀናት ቆየ፣ ከዚያ እየቀነሰ መጣ። ግርማ ምላሱ በተፈታ ጠዋት ክፍሉ ሞልቶ ነበር፤ አቶ ደጀኔም በሩ ላይ ቆመዋል። ግርማ አያቸው። ቢሆንም ተናገረ።

«ጽጌ፣ ጨው አልነበረም። የእብድ መድኃኒት ነው የምወስደው።»

ጽጌ ብርድ ልብሱን እያስተካከለች «እብደትህንማ መቼ አጣሁት?» አለችው። «ሌሊቱን ሙሉ ስታወራ ስትዘፍን አጠገብህ የነበርኩት እኔ አይደለሁም? የማላውቀው ወጥህን እንዴት እንደምሠራልህ ነው።»

አቶ ደጀኔ ቁልፋቸውን ወሰዱ። እብድ መኪናዬን አይነዳም አሉ፣ እንዳሉትም አደረጉ። ወዲያው በጓሮ ዞረው መጥተው «ሲስተር፣ የእንቅልፏን» አሉኝ። አግዳሚው በፊት ለፊት በኩል ነው፣ ተራ ይጠብቁ አልኳቸው። ፊታቸው ጠቆረ። ግን እጃቸው ይንቀጠቀጥ ስለነበር ሄደው ተቀመጡ።

ግርማ መንገዱ ሲከፈት ናይሮቢ ሄዶ መጠኑን አስተካክለውለት ተመለሰ። መኪና ዳግም አልያዘም። የጽጌን ሆቴል ሒሳብ ይይዝ ነበር፤ አንዳንድ ቀን ሲያምረው ደግሞ በር ላይ ቆሞ ሾፌሮቹን የት እንደሚያቆሙ ያዛቸዋል። መኪና መንዳቱን እስከመጨረሻው ናፈቀ። እኔም በአቶ ደጀኔ ላይ ያለኝ ቂም እስከዛሬ አልለቀቀኝም።

ወጣት ነርሶች ስለ ነርቭ መድኃኒት ሲጠይቁኝ ስለ ወንበሩና ስለ በሩ እነግራቸዋለሁ። ከሥራ ያገኘሁት ግን ይህ ነው፤ መድኃኒት ስትሰጡ በትክክለኛ ስሙ ጥሩት፤ ለበሽተኛው ብቻ ሳይሆን፣ እሱ ከፈቀደ፣ ምግቡን ለሚሠራለትም ሰው ንገሩ። ከዚያ ምን እንደሰሙ መልሰው እንዲነግሯችሁ አድርጉ።