የሦስተኛው ረድፍ ከበሮ መቺ

ባለፈው ሳምንት ትምህርት ቤታችን ያዘዘው ካርቶን ደርሶ፣ ተማሪዎቼ ዙሪያዬን እንደከበቡኝ ስከፍተው፣ ልክ ሆነው ከተቆረጡ የወረቀት ቤቶች፣ ከስፖንጅ ዛፎችና ከቱቦ ሙጫዎች ሥር አንድ ብልቃጥ አሸዋ ወጣ። በስሕተት የገባ አይደለም፤ ክዳኑ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ሆዱ ላይ ስም ተለጥፎበት፣ ባሕር አቋርጦ፣ ወደባችን ላይ ከኮንቴይነር ወርዶ፣ ጉምሩክ አልፎ የመጣ አሸዋ ነው። ጅቡቲን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ፦ እዚህ ከተማ አሸዋ ጫማ ውስጥ፣ አልጋ ውስጥ፣ ጥርስ መሃል ሁሉ ይገኛል፤ ቸግሮን የሚያውቀው አሸዋ የሌለበት ቦታ ነው። ማን እንዳዘዘው በኋላ እነግራችኋለሁ። ክዳኑን ከፍቼ አሸተትኩት። የእኛ አሸዋ ጨው፣ ናፍጣና ደረቅ ዓሣ ይሸታል፤ ይህኛው ግን ታጥቦና ተወንፍቶ ያለቀለት ስለሆነ ምንም አይሸትም። ያ ምንም አለመሽተቱ ነው ወደ አሥር ዓመቴ የመለሰኝ፤ እንዲህ ያለ አሸዋ ከዚያ በፊት ያየሁት በአንድ ቤት ብቻ ነበርና።

ቤቱ እናቴ ተቀጥራ የምትሠራበትና የምታድርበት የአንድ ፈረንሳዊ መሐንዲስ ቤት ነው። ስሙን ጠርተነው አናውቅም፤ ምስዩ ነበር የምንለው። እኔ የምኖረው ካርቲየ 2 በሚባለው ሰፈር፣ ሻሽና ሽቶ ከምትቸረችረው ከአክስቴ ከዘሃራ ጋር ሲሆን፣ ሐሙስ ከሰዓት ትምህርት ስለሌለ እናቴን ለማገዝ ወደ ምስዩ ቤት እሄድ ነበር። ማገዝ ስል ካልሲ ማጣመር ማለቴ ነው። ካልሲው ሲያልቅ ወደ ሳሎን እወጣለሁ፤ ሳሎኑን የሞላው ደግሞ አንድ ትልቅ ጠረጴዛ፣ በጠረጴዛው ላይም ከአመልካች ጣቴ የማይበልጡ ከሁለት መቶ የማያንሱ የፕላስቲክ ወታደሮች የተሰለፉበት የጦር ሜዳ ነበር።

ምስዩ ሲያስረዳ መስማት ይወድ ነበር፤ ራሱን ማለቴ ነው። ሌላ ሰሚ ስላልነበረው እኔ እበቃው ነበር። እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ እንድቆም አዝዞኝ፣ ሃያ ሃያ ወታደር በአንድ ስስ ጣውላ ላይ እንደሚቆም፣ ሻለቃ ጦሩ ሲንቀሳቀስ ጣውላው እንደሚገፋ፣ ርቀቱ በሜትር ጥብጣብ እንደሚለካ፣ የሞተና የቆሰለው ዳይስ የሚባለውን ባለነጥብ ጠጠር በመጣል እንደሚወሰን ይተነትናል። አንድ እግሬን ወደፊት ካነሳሁ «ቱሽ ፓ!» ይላል፤ አትንኪ ማለቱ ነው። ዛፉ ተገዝቶ የመጣ፣ ሣሩና አሸዋው በብልቃጥ የመጣ፣ ድንጋዩ ሳይቀር የመጣ ነበር። መስኮቱን ቢከፍት ኖሮ ከሜዳው የተሻለ ሜዳ ከበሩ ሥር ያገኝ ነበር፤ ግን መስኮት ተከፍቶ አያውቅም፣ ማቀዝቀዣው ቀን ከሌት ስለሚሠራ። በረሃ ለመሥራት በረሃን በር ዘግቶ የሚያስወጣ፣ ከዚያም በረሃን ከአውሮፓ በፖስታ የሚያዝ ሰው፣ ያኔም ዛሬም ከልቤ ላከብረው አልቻልኩም።

ምክንያቱም እኛም ጦር ነበረን። የአክስቴ ልጅ ኢድሪስና እኔ የምንዋጋው በወረቀት ወታደር ነው፤ ወረቀቱን የምናገኘው ከወደቡ አጠገብ ካሉ የዕቃ አስተላላፊዎች ቢሮዎች ቆሻሻ ሲሆን፣ የተጣሉት የጉምሩክ ቅጾች በሮዝና በቢጫ ቅጂ ስለሚመጡ፣ ሮዙ የእኔ ጦር፣ ቢጫው የኢድሪስ ጦር ይሆናል። ተራራው የእንቁላል መያዣ ካርቶን፣ ቋጥኙ የተምር ፍሬ፣ ቁጥቋጦው የደረቀ የሻይ ቅጠል ዝቃጭ፣ ሜዳው ጨውና የደጃችን አሸዋ ነው። ዕጣ የምንጥለው በኩብ ስኳር ነበር፤ በየገጹ ነጥብ በእስክሪብቶ እናደርግበታለን፣ የእጃችን ላብ ማዕዘኑን እስኪያሟሟውና ስድስቱ ወደ አራት እስኪወርድ እንጣላበታለን፣ ከዚያ ጦርነቱን ያሸነፈው ይበላዋል። የቤታችን ማራገቢያ፣ ቬንቲላተሩ፣ ከበራ ጦሩ በሙሉ ስለሚበር፣ ያለ ቬንቲላተር በሐምሌ ሙቀት ተቀምጦ መዋጋት የግድ ነበር፤ ምስዩ ይህን አንድ ቀን እንኳ ቢሞክረው ገና ሳይሰለፍ እጅ ይሰጥ እንደነበር አልጠራጠርም።

የምናጣብቀው በዱቄት ሙጫ ነው። የዱቄት ሙጫ በእኛ አገር ሙቀት እስከ ማታ ይኮመጥጣል፣ ስለዚህ ጠዋት ተሠርቶ ቀትር ላይ መድረቅ አለበት፤ ለማድረቅ ደግሞ ከአክስቴ ቤት ቆርቆሮ ጣሪያ የሚበልጥ አልነበረም። መሰላል ላይ ወጥቼ ወታደሮቹን በጣሪያው ጠርዝ እደረድራለሁ፤ ቆጥሬ ሳልጨርስ ደርቀው ጣት ሲነካቸው ቋ ይላሉ።

«አንቺ ልጅ፣ ጣሪያዬ ላይ ምን እየጠበስሽ ነው?» ትላለች አክስቴ ከታች።

«ወታደር!»

«ጨው እንዳትረሺው! ኢድሪስ እንደሆነ ያገኘውን ነው የሚበላው።»

ችግሬ ከበሮ መቺው ነበር። የምስዩ ሰማያዊ ሻለቃ ሦስተኛ ረድፍ ላይ አንድ ከበሮ መቺ ቆሞ ነበር፤ ሁለት ክንዱን ወደ ላይ አንሥቶ በትሮቹን ሊያወርድ ሲል የቀረ። ወረቀትን ቀጥ አድርጎ ማቆም ማንም ይችላል፤ ክርኑን አጥፎ አየር ላይ ማንጠልጠል ግን እጅን ወደ ኋላ አጣምሮ በማየት ብቻ አይገባም። አንድ ሐሙስ ምስዩ ለሁለት ሳምንት ዕረፍት አገሩ መሄዱን ሰማሁና፣ እናቴ ልብስ ስትተኩስ ከበሮ መቺውን ከጣውላው ላይ አንሥቼ ኪሴ ከተትኩት። መስረቅ አልነበረም፤ በሚቀጥለው ሐሙስ ልመልሰው ነው። ከእናቴ በፊት የነበረችው ሠራተኛ አቧራ ስትጠርግ የአንዱን ወታደር ጠመንጃ ሰብራ በዚያው ቀን ሻንጣዋን ይዛ መውጣቷን ግን አውቅ ነበር። አውቄ ነው የወሰድኩት።

ክርኑን አጥንቼ፣ የራሴን ከበሮ መቺ ከሮዝ ቅጽ ሠርቼ፣ ቀትር ላይ ሁለቱን ጎን ለጎን ጣሪያው ላይ አቆምኳቸው። ለምን የእሱን እንዳወጣሁት ስጠየቅ እስከ ዛሬ የምመልሰው አንድ ነገር ነው፦ አብረው ሲቆሙ ማየት ፈልጌ ነበር። ሩብ ሰዓት ቆይቼ ስወጣ የወረቀቱ ወታደር ደርቆ፣ ቀጥ ብሎ፣ ክንዱን አንሥቶ ቆሟል። የፕላስቲኩ ግን አንገቱ ከበሮው ላይ ተደፍቶ፣ በትሮቹ እንደተቀቀለ ፓስታ ተንጠልጥለው፣ ቀትር ላይ ጥላ ሥር እንደሚያንቀላፋ ዘበኛ ሆኖ ጠበቀኝ። ለቀዝቃዛ አገር የተሠራ ጀግና! እንዲያ እየፈራሁ እንኳ ንቄው ነበር።

ሐሙስ ለእናቴ ሳሳያት ካውያውን ቀስ ብላ አስቀመጠች። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

«አንቺ ልጅ፣ ከነሻንጣዬ ጎዳና ልታወጪኝ ነው?»

አለቀስኩ። እንባዬ የተኮሰችውን ሸሚዝ እንዳይነካው አራቀችውና፣ «ማልቀሱን ተይው። እሁድ ይመጣል» አለች። «ያንን የወረቀትሽን ነገር ትችይበታለሽ አይደል? በይ ሥሪው እንግዲህ። እኔን እስኪያታልለኝ ድረስ ሥሪው።»

እዚያው ኩሽና መሬት ላይ ተቀምጬ ሠራሁት። ገላው በሙጫ የራሰ የሮዝ ቅጽ ጥብጣብ በክብሪት እንጨት ላይ ተጠቅልሎ፣ ራሱ ከተቦካ ወረቀት በምስር ፍሬ ልክ ተድቦልቡሎ፣ ባርኔጣው ከሲጋራ ካርቶን፣ በትሮቹ ከመጥረጊያ ጭራሮ ተሠሩ። እንዳይቀልል ከሥሩ ዓሣ አጥማጆች መረባቸው ላይ የሚያስሩትን የእርሳስ ጠጠር ቀበርኩበት። እናቴ ከምስዩ የቀለም ብልቃጦች በጥርስ መጎርጎሪያ ጫፍ ጠብታ ጠብታ ሰማያዊ፣ ነጭና ቀይ እየሰረቀች አቀበለችኝ፤ በሕይወቷ የሰረቀችው ይህንኑ ብቻ ይመስለኛል። በመጨረሻ የቆመበትን ሥፍራ አሸዋ መንስነስ ነበረብኝ። የእሱን ብልቃጥ መክፈት ስላስጠላኝ ደጅ ወጥቼ ከመንገዱ ዳር ቆነጠርኩ። ያ ሁሉ ሰው ከአውሮፓ በመጣ አሸዋ ላይ ሲቆም፣ የእኔ ሰው ብቻ በጅቡቲ መሬት ላይ ቆመ።

እሁድ ምስዩ መጣ። ሰኞ ጠረጴዛው ዙሪያ ዞረ። ሐሙስ እጄን ወደ ኋላ አስጣምሮ አቁሞኝ፣ ሰማያዊውን ሻለቃ ከነጣውላው ወደፊት ገፍቶ፣ ከበሮ መቺ ለሠራዊት ያለውን ጥቅም አስረዳኝ! ትእዛዝ በጩኸት እንደማይሰማ፣ ከበሮ ግን እንደሚሰማ እየነገረኝ፣ ጣቱ ከሮዝ የጉምሩክ ቅጽ ከተሠራው ሰው አንድ ስንዝር አይርቅም ነበር። ከሆዴ የወጣ ሳቅ ጉሮሮዬ ላይ ተሰንቅሮ «ዊ፣ ምስዩ»፣ አዎ ጌታዬ፣ አልኩ። በሩ አጠገብ እናቴ የሻይ ዕቃ ይዛ ቆማለች፤ ሲኒዎቹ ይንጫጩ ነበር። እሱ ቀና ብሎ ዝም እንድታሰኛቸው ነገራት።

ሰባት ወር እንዲህ ሆነ። ሰባት ወር ሙሉ ሐሙስ ሐሙስ እየመጣሁ፣ ሁለት መቶ ወታደር አለኝ የሚል ግን አንዱን እንኳ የማያውቅ አዛዥ በነጻ አየሁ። ለኢድሪስ እነግረዋለሁ፣ ኢድሪስ ለሰፈሩ ልጆች ይነግራል፣ አክስቴ ደግሞ «ያ የእናትሽ ዕውር እንዴት ነው?» ትለኛለች። ተደስቼ ያደግኩበት ዓመት ቢኖር ያ ነው።

የምስዩ ሥራ ሲያልቅ ዕቃው መታሸግ ጀመረ። ወታደሮቹን ራሱ በጥጥ እየጠቀለለ ሳጥን ውስጥ ሲያስተኛ፣ እናቴና እኔ ግድግዳ ተደግፈን ቆመናል። አሁን አንድ በአንድ በእጁ ያነሣል። ሦስተኛው ረድፍ ሲደርስ የእናቴ ጣቶች ትከሻዬ ውስጥ ገቡ። ከበሮ መቺውን አነሣ፣ ወደ መብራቱ አስጠጋው፣ ገለበጠው፣ አሸዋውን በጥፍሩ ፋቅ አደረገ። ከዚያ ፊቱን አጨማደደና በአክብሮት ወደ እኔ ዘረጋው።

«ለአንቺ» አለኝ። «ማስታወሻ ይሁንሽ። ይሄኛው ከፋብሪካው ሲወጣ ጀምሮ የተበላሸ ነው፤ አልፎ አልፎ እንዲህ ዓይነት ይመጣል። ግን ተጠንቀቂለት፣ ቶሎ ይሰበራል።»

ጉብጠቱን አየ፣ የቀለሙን መወፈር አየ፣ የአሸዋውን መለየት አየ፤ እዚያ ቤት ውስጥ ያለ እጅ ሊሠራው ይችላል ብሎ ለማሰብ ግን ጭንቅላቱ ቦታ አልነበረውም። «ሜርሲ በይ» አለች እናቴ። ሜርሲ አልኩ።

ሚኒባሱ ውስጥ ሳቄን ለቀቅሁት። «ዕውር! ደንቆሮ!» እያልኩ ጭኗን ስመታ እናቴ አልሳቀችም። ከበሮ መቺውን ከእጄ ወስዳ መዳፏ ላይ አቆመችው።

«ሰባት ወር» አለች። «ሰባት ወር ይሄን ስጠርግ ትንፋሼን ይዤ ነው የጠረግኩት።»

«እሱ እኮ አያይም፣ እማ!»

«ባያይ ነው የበላነው» አለችና ወደ መስኮቱ ዞረች።

እስከዚያች ቀን ያ ዓመት የእኔ ድል ይመስለኝ ነበር። የእናቴ ፍርሃት ጎኔ ቆሞ ሲኒ ሲያንጫጫ እየሰማሁ አልሰማሁትም፤ በዚህ ከምስዩ አልተሻልኩም።

ዛሬ እናቴ ድሬዳዋ ናት፤ ጉልበቷ ደረጃ አያስወጣትም። ኢድሪስ ባልባላ ሰፈር መኪና ይጠግናል። የወረቀቱ ከበሮ መቺ በሦስተኛው ክረምት አለቀ፤ የዱቄት ሙጫ ለበረሮ ምግብ ነውና፣ ሳጥኑን ስከፍት የእርሳሱ ጠጠር ብቻ ተቀምጦ አገኘሁት። ከሁለቱም ጦር የተረፈኝ ያ ጣሪያ ላይ ያንቀላፋው ፕላስቲክ ነው፤ እሱ አይበሰብስም። ጠረጴዛዬ ላይ ቆሞ፣ ማለቴ ተደፍቶ፣ ደብተር ሳርም ያየኛል። ባለፈው ሳምንት ተማሪዎቼን ላሳይ ብዬ ቅጽ ቀድጄ አዲስ ከበሮ መቺ ልሠራ ሞከርኩ። አሠራሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያለ አንድ ስሕተት አስረዳኋቸው። ክርኑ ግን እምቢ አለኝ፤ ጣቶቼ ጠመኔ ከመያዝ በቀር ሁሉንም ረስተዋል።

እና አሸዋው። የዕደ ጥበብ ክፍለ ጊዜ ይኑረን ብዬ የተሟገትኩት እኔ ነኝ፤ የዕቃውን ዝርዝር በተራ ቁጥር፣ በንጹሕ ጽሑፍ ጽፌ ለርእሰ መምህሩ የሰጠሁትም እኔ ነኝ። ዘጠነኛው ተራ ላይ «አሸዋ፣ አንድ ብልቃጥ» ይላል። ስጽፈው ምንም አልመሰለኝም።

ብልቃጡን ይዤ ስለ ጥቅሙ ማብራራት ስጀምር፣ ከፊት ረድፍ ሒክማ የምትባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ እጇን አወጣች።

«መምህርት፣ ይሄ አሸዋ ከየት ነው?»

ብልቃጡ ሆድ ላይ ያለውን የአገር ስም አነበብኩላት። ሒክማ ብልቃጡን አየች፤ በመስኮቱ በኩል ግቢውን አየች፤ ከዚያ እኔን አየችኝ። ጨዋ ልጅ ናት። ግን ከንፈሯን በጥርሷ ነክሳ የያዘችውን ሳቅ አውቀዋለሁ። እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ «ዊ፣ ምስዩ» ስል፣ እኔም ጉሮሮዬ ላይ እሱኑ ይዤ ነበር።