ልጃቸውን ለሞተረኛ ወደማይሰጡ አባት ቤት

ጠዋት፣ ቦንጋ

ቅዳሜ ማለዳ ከቦንጋ ስንነሣ ሦስት ሰዎች በሦስት ሞተር ነበርን። ወሩ መጋቢት ነው፤ ዝናቡ ዘግይቶ ፀሐይዋ ከጠዋቱ ታቃጥላለች። በጋውን ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን መንዳት የቆየ ልማዳችን ቢሆንም የዛሬው ለሽርሽር አልነበረም። ዋጫ ሄደን ለጓደኛችን ለአስራት ሚስት ልንለምንለት ነው።

አስራት የእንስሳት ሕክምና ባለሙያ ነው። ከቀበሌ ቀበሌ የሚዞረው በሞተር ስለሆነ ሞተሩ እንጀራው ነው። የሚወዳት ሰናይት እዚሁ ቦንጋ እኔ በማስተምርበት ትምህርት ቤት መምህር ናት፤ አባቷ ጋሽ ወልዴ ግን የሚኖሩት ዋጫ ነው። የአስራት አጎት ሽማግሌ ይዘው ሁለቴ ሄደው፣ ሁለቴም ያገኙት መልስ አንድ ነው፦ «ለሞተረኛ ልጅ አልሰጥም።» ሰውየው ክፉ ሆነው አይደለም። አንድ ወንድ ልጃቸውን ካሣሁንን ሞተር ነው የቀማቸው። ሰናይት ደግሞ አባቴ እሺ ካላለ አላገባም ብላለች።

አጎትየው «እግሬ ቀጠነ፤ ከእንግዲህ ጓደኞቹ ሂዱለት» ሲሉ ነገሩ እኛ ላይ ወደቀ። ጢሜ ውስጥ ጥቂት ሽበት ስላለ እኔ የሽማግሌ አፈ ጉባኤ ሆንኩ። ሁለተኛው ሽማግሌ ምትኩ ነው፤ የሞተር መለዋወጫ ሱቅ አለው፤ ጢምም ሽበትም የለውም።

እንዲህ ላሉ አባት ቤት በሞተር ይኬዳል? አይኬድም። ሚኒባስ ነበረ። ግን ሚኒባሱ እስኪሞላ ቀትር ይሆናል፤ ምትኩም «ሞተሩን ከከተማው ዳር አቁመን በእግራችን እንገባለን፤ ማን ያየናል?» አለ። ምክሩ የሰነፍ ምክር ነበር፤ እኛም ሰነፎች ነንና ተቀበልነው።

ረፋድ፣ ከውሽውሽ ወዲያ

ማደያው እንደ ልማዱ ባዶ ስለነበር መንገድ ዳር በፕላስቲክ ጠርሙስ ከሚሸጡት ነዳጅ ገዛን። ዋጋው ከማደያው እጥፍ ነው። ሰው ነዳጅ ባጣ ቁጥር ደግሞ ክፉ አመል ያወጣል። የኛ አመል ቁልቁለት ላይ ሞተር አጥፍቶ በፎሌ መልቀቅ ነው፤ ማርሽ የለ፣ ሞተር አይዝህ፣ ሕይወትህ በፍሬን ብቻ ተንጠልጥሎ ትወርዳለህ። አንዳንዴም ማን ሩቅ ይደርሳል ብለን እንወራረዳለን።

የውሽውሽን የሻይ ተክል እስክናልፍ ነፋሱ ደህና ነበር። ከዚያ በኋላ ሙቀቱ ከአስፋልቱ ሽቅብ ይመጣ ጀመር። ጃኬቴ ውስጥ ላቡ ይንቆረቆራል። መንገዱ በሚጠገንበት ስፍራ የጭነት መኪኖች ያስነሡት ቀይ አቧራ ውስጥ ገብተን ወጣን።

ዋጫ ልንደርስ ስንል ረጅም ቁልቁለት አለ፤ ወገቡ ላይ ወደ ገደሉ የሚጠመዘዝ ኩርባ አለው። አስራት ከፊት ነበር። የሞተሩ ድምፅ ድንገት ጠፋ፤ አጥፍቶ ለቆታል። እኔና ምትኩም እንደ ሞኝ ተከተልነው። ኩርባው ላይ አንድ በሬ መንገድ መሐል ቆሟል። አስራት ፍሬን ሲይዝ የኋላ ጎማው ተንሸራቶ ወደ ገደሉ አፍ ሄደ። እንደ ምንም ተመልሶ በበሬው ጭራ በኩል አለፈ።

ታች ስንቆም ጮህኩበት። «ምነው አንተ! ዛሬ እንኳን?»

«ነዳጅ ልቆጥብ ብዬ ነው ቲቸር» ብሎ ሳቀ።

ቀትር፣ ዋጫ

ጾም ስለሆነ አንድ ምግብ ቤት በየዓይነቱ አዘዝን። እኔና ምትኩ በላን፤ አስራት ውኃ ብቻ ጠጣ። ከዚያ እሱን ከከተማው ዳር ዛፍ ሥር ከሞተሮቹ ጋር ትተነው፣ ከቦርሳችን ነጠላ አውጥተን ትከሻችን ላይ ጣል አድርገን በእግራችን ገባን።

ቤቱ በእንሰት የተከበበ ቆርቆሮ ቤት ነው። ጋሽ ወልዴ ረጅም፣ ቀጥ ያሉ ሰው ናቸው። በረንዳቸው ላይ «አረፍ በሉ» ሲሉን፣ እንደ ወጉ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አልኩ። ትክ ብለው አዩን። ወደ ባለቤታቸው ወደ እትዬ ዘነበች ዞር ብለው በካፊኖኖ አንድ ነገር አሏቸው። እኔ ቋንቋውን አልሰማም፤ ምትኩ ይሰማል፤ ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁት።

«ምን አሉ?» አልኩት በሹክሹክታ።

«የዓይናቸውን ዙሪያ እዪው አሏት።»

ምትኩን አየሁት። መነጽር የነበረበት ቦታ ብቻ ንጹሕ ሆኖ የቀረው ፊቱ በሙሉ ቀይ አቧራ ነው። እኔም እንደዚያው ነኛ! ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው ይላሉ፤ የኛ ግን ግንባራችን ላይ ነበር።

«በስንት ሞተር መጣችሁ?» አሉ ጋሽ ወልዴ።

«በሦስት፣ ጋሼ።»

«ሦስተኛው ሰው የታለ?»

መሬት ብትዋጠኝ በወደድኩ። ነገርኳቸው። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ «ጥሩት፤ ሞተሩን ይዞ ይምጣ» ብለው ወደ ውስጥ ገቡ። ከአስራት ጋር ሦስቱንም ሞተር ይዘን ስንመለስ ካፖርት ለብሰው ወጡ።

«ካሣሁን የወደቀበት ኩርባ ድረስ ታወጣኛለህ» አሉት። «ላይ ዞረህ ደግሞ ታወርደኛለህ።»

እትዬ ዘነበች ደረታቸውን ያዙ። «ኧረ አንተ ሰውዬ! አንዱ አይበቃኝም?»

ጋሽ ወልዴ የኔን ሄልሜት ተቀብለው አጠለቁና ከአስራት ኋላ ተቀመጡ። ኩርባው ጠዋት ሊወድቅ የነበረበት እንደሆነ ያን ጊዜ ለአስራት ገባው።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ኩርባው

እኔና ምትኩ ከኋላ ተከተልን። ሽቅብ ሲወጡ ደህና ነበር። አናቱ ላይ ዞረው ቁልቁል ሲጀምሩ ግን ዓይኔን ከኋላ ጎማው አልነቀልኩም። አስፋልቱ ግሎ ከሩቅ ውኃ የተኛበት ይመስላል። አስራት ሁለተኛ ማርሽ ይዞ፣ ሞተሩ እያቃሰተ፣ ዳሩን ይዞ ይወርዳል። የጋሽ ወልዴ እጅ ትከሻው ላይ ነው። አንድ የጭነት መኪና ከታች እየጮኸ መጥቶ ኩርባውን ሰፋ አድርጎ ሲዞር መንገዱን ሞላው። ‹አሁን አለቀልን› አልኩ። አስራት አስቀድሞ ዳር ይዞ ቆመ፤ መኪናው አጠገባቸው አልፎ ሄደ። እንዲህ አድርጎ ሲነዳ አይቼው አላውቅም።

ኩርባው ላይ «አቁም» አሉት። ወርደው ሄልሜቱን አወለቁ፤ ሽበታቸው በላብ ተጣብቋል። አስራትን አላመሰገኑትም። ወደ እኔ መጡ።

«አንተ መምህር ነህ፤ ሽማግሌም ሆነህ መጥተሃል። ሽማግሌ አይዋሽም። እኔ ሳላየው እንዲህ ነው የሚነዳው?»

አስራት አየኝ። ዓይኑ ይለምነኛል። አዎ ማለት ምን ያህል ቀላል ነበር! ሰናይትን ያገኛል፤ ሠርግ ይደገሳል፤ እኔም ሚዜ እሆናለሁ። ነገር ግን ጠዋት የኋላ ጎማው የተንሸራተተበት ምልክት እዚያው እግሬ ሥር አስፋልቱ ላይ ጠቁሮ ይታያል። በዚህ ምልክት ላይ ቆሜ ልዋሽ አልቻልኩም።

«አይደለም፣ ጋሼ። ጠዋት እዚችው ቁልቁለት ላይ ሞተሩን አጥፍቶ በፎሌ ወርዷል። ሊወድቅ ነበር። እኔና ምትኩም ተከትለነዋል።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ምትኩ ጭንቅላቱን ያዘ። አስራት አንገቱን ደፋ፤ ጓደኛዬን የሸጥኩት መስሎ ተሰማኝ፤ አሳዘነኝም።

ጋሽ ወልዴ ወደ ገደሉ ጠቆሙ። «ልጄ የተገኘው እዚያ ዛፍ ሥር ነው። ጓደኞቹ ለቅሶ መጥተው ሁሉም ‹ቀስ ብሎ ነበር የሚነዳው› አሉኝ። ቀስ ብሎ የሚነዳ ሰው እዚያ ድረስ ይሄዳል? ሊያጽናኑኝ ነው፤ አውቃለሁ። ግን የልጄን አሟሟት እውነቱን የሚነግረኝ ሰው ሳላገኝ ይኸው አረጀሁ።»

አስራት ሄዶ ከገደሉ አፍ ላይ ቆሞ ዛፉን አየ።

«ሂዱ» አሉ። «መልሴን ለልጄ ነው የምነግራት።» ላድርስዎ ስላቸው እጃቸውን አወዛውዘው ከለከሉኝና በእግራቸው ቁልቁል ወረዱ።

አመሻሽ፣ ቦንጋ

በመልሱ ጉዞ ለአስራት የመንገድ ዳር ሙዝ ገዝቼ ብሰጠው አልተቀበለኝም። ቦንጋ ገብተን ምትኩ ሱቅ በር ላይ ስንቆም ግን ፈነዳ። «አንድ አዎ፣ ቲቸር! አንድ ቃል ነው ያጣኸው? ከእንግዲህ ወንድሜ እንዳትለኝ!»

እኛ እዚያው ቆመን ሳለ ሰናይት ደወለች። አስራት ፈቀቅ ብሎ አነሣው። ብዙ ሰማ። ፊቱን አይቼ አለቀ ብዬ ነበር። ከዚያ ስልኩን ዘረጋልኝ።

«ጋሼ መምህር» አለች፤ ድምፅዋ የለቅሶም የሳቅም ነው። «አባባ እሺ ብሏል። ግን የአስራት አጎት የጋብቻው ዋስ አይሁን አለ። ‹ዋሱ ያሳበቀበት መምህር ይሁን። አንድ ነገር ቢሆን እውነቱን መጥቶ የሚነግረኝ እሱ ነው› ብሏል።»

አስራት መጥቶ አንገቴ ላይ ተጠመጠመ። ምትኩ በደስታ ጡሩምባውን ነፋ። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው፤ እኔም ዋስ ነኝ። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ይኸው ነው፤ እውነት መናገር የአንድ ቀን ሥራ መስሎኝ ነበር፣ ለካ የዕድሜ ልክ ኖሯል። አስራት ወደ ገጠር ወጥቶ ስልኩ እንቢ ሲለኝ አሁን መቀመጥ መቆም ያቅተኛል። በረንዳቸው ላይ ሆነው እውነቱን ከኔ የሚጠብቁትን ጋሽ ወልዴን አስባለሁ፤ ደግሜም እደውላለሁ።