የአባቴ ወንበሮች

ዛሬ ጠዋት ግቢያችን ሳልደርስ የማስቲሽና የአዲስ ሌዘር ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው፣ ቢጫው የተማሪ አውቶቡስ አልቆ ለሙከራ ሊወጣ መሆኑን አወቅሁ። ሌላው ሰው ይህ ሽታ ራሱን ያዞረዋል፤ እኔን ግን ከኮምቦልቻ አንሥቶ ሳዑዲ፣ ጂዛን፣ ዳማድ ያደርሰኛል።

ዛሬ ለደንበኛ ኮራ ብለን «የተማሪ አውቶቡስ ቦዲ እንሠራለን» የምንለው ድርጅታችን የተጀመረው እዚያ፣ በአቡ ሳሌም ጋራዥ ጥግ፣ በአንዲት የስፌት መኪና ነው። የአባቴ አሠሪ አቡ ሳሌም ያረጁ አውቶቡሶች እየገዛ፣ ውስጣቸውን አራግፎ፣ የሴት ተማሪዎች ማመላለሻ ያደርጋቸዋል፤ ወንበሮቹን የሚሰፋው አባቴ ነው። እዚያው የተወለድኩት እኔ ደግሞ ፈታኝ ነበርኩ፤ አንድ ወንበር ባለቀ ቁጥር ያስቀምጠኝና «ይመቻል?» ይለኛል፣ እኔም እንደ ትልቅ ሰው ዐይኔን ጨፍኜ ሁለት ሦስቴ ነጠር ነጠር ብዬ ፍርዴን እሰጣለሁ። አንዳንዴ ለተንኮል «ይቆረቁራል» እለዋለሁ፤ ምስኪን፣ ስፌቱን ፈትቶ እንደገና ይጀምራል። የዳማድ ተማሪ ሁሉ በእኔ ፈቃድ ነበር የሚቀመጠው። ራሴ ግን የመኖሪያ ወረቀት ስላልነበረን ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ጠዋት ጠዋት አውቶቡሶቹ በደጃችን ሲያልፉ በወንበራቸው ቀለም እየለየሁ ለእናቴ እነግራት ነበር። ቅናቱ ያንገበግበኝ ነበር፣ ምን ያስዋሸኛል።

በሁለት ሺህ ስድስት ኅዳር፣ አሥር ዓመቴ ላይ፣ ወረቀት የሌለው ሁሉ ይውጣ ተባለና አባቴ ክር ሊገዛ እንደወጣ ተያዘ። ከተማው ዳር ባለ ማቆያ መሆኑን የሰማነው በአምስተኛው ቀን ነው። እናቴ እጇን መስጠቱን አልፈራችውም፤ የፈራችው እኛ በአንድ መኪና እሱ በሌላ ተጭነን መተላለፋችንን ነበር፤ እንዲያ ተለያይተው የቀሩ ጎረቤቶች ነበሩን። የሚባረረውን ሰው ወደ አውሮፕላን ማረፊያ የሚያመላልሱት አውቶቡሶች የተከራዩት ከአቡ ሳሌም መሆኑን ስትሰማ ግን ዓባያዋን ደርባ ጋራዡ ሄደች። ሰውዬው ጺሙን እያሻሸ አዳመጣትና እንደ ልማዱ በእኔ ስም ጠርቷት «ኸላስ፣ ኡሙ ሐያት፣ በኔ አውቶቡስ ውጡ፤ ሾፌሩ ማቆያው በር ላይ ይቆማል» አላት።

የደረሰን ባለ አረንጓዴው ወንበር ነበር፣ ያ ሁለቴ ያስፈታሁት። እናቴ ከጎኗ ያለውን ቦታ በጓዟ ይዛ፣ ለቀረባት ሁሉ «ሰው አለው» እያለች ሄደች። ማቆያው ከሩቅ ሲታይ ሾፌሩ ፍጥነቱን አልቀነሰም። አለፈው ስልና እናቴ ብድግ ብላ ስትጮህ፣ ዳር ይዞ ቆመ። የማቆያው በር ተከፈተ። አምስት ወንዶች ወጡ፤ አባቴ የለም። ስድስተኛው አባቴ ነበር። ጺሙ አድጎ፣ ከስቶ መጣና እኛን ከማቀፉ በፊት እጁን ወንበሩ ላይ አሳርፎ ጫን ጫን አደረገው፤ «አብሽሪ» አላት እናቴን፣ ወደ እኔ ዞሮም «ይመቻል?» እናቴ ሳቅና ለቅሶ ተቀላቀለባት። እኔ እፎይታው አሸነፈኝና ጭኑ ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ፤ ዕድሜዬን ሙሉ የተመኘሁትን የአውቶቡስ ጉዞ ሳላየው አውሮፕላን ማረፊያው ደረስን።

የስፌት መኪናዋ እዚያው ቀረች፣ አቡ ሳሌምንም ዳግመኛ አላየነውም። እኔ አንደኛ ክፍል የገባሁት ወገቤ ላይ ከሚደርሱ ልጆች ጋር ነው፣ ያውም በእግሬ እየሄድኩ። አባቴ ኮምቦልቻ ላይ በተዋሳት የስፌት መኪና ሥራውን ከጀመረ ወዲህ ግን አንድ ደንብ አለው፤ አዲስ አውቶቡስ ለሙከራ ሲወጣ ግቢ ውስጥ አይሳፈርም፣ አስፋልቱ ዳር ቆሞ ይጠብቃል።

ዛሬም ሾፌሩ ቆመለት። ዐይኑ ስለደከመ በሩን እየዳሰሰ ወጥቶ እኔ የሰፋሁት ወንበር ላይ ተቀመጠ። «ይመቻል?» አልኩት። ዐይኑን ጨፍኖ ሁለት ሦስቴ ነጠር ነጠር አለና «ይቆረቁራል» አለኝ፣ ተንኮለኛ ሽማግሌ። ትምህርት ቤት የሚወስደኝ አውቶቡስ በልጅነቴ አንድ ቀን እንኳ አልቆመልኝም። ለአባቴ ግን ቆሟል።