ቁም ሣጥን ላይ የሚኖረው ኮምፒውተር

ፔቻቡሪ ከተማ ውስጥ ሰው ሲሞት ቤተሰቡ መጀመሪያ ወደ ቡድሃው ገዳም ይሄዳል፤ ቀጥሎ መምህር ቪሮት ቤት ይመጣል። አስከሬኑ በሚቃጠልበት ቀን ለለቀስተኛው ሁሉ የሟቹን ሕይወት የምትተርክ ትንሽ መጽሐፍ ትታደላለች፤ እሷን የሚጽፉት እሳቸው ናቸው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ መቶ አርባ ሦስት ሰው ጽፈዋል። ጀልባ ቀዛፊውን ጽፈዋል፣ የዘንባባ ስኳር አንጣሪዋን ጽፈዋል፣ ክፍል ውስጥ ሲያንቀላፋ ጆሮውን ይቆነጥጡት የነበረውን የድሮ ተማሪያቸውን ሳይቀር። ሐዘንተኞቹን በርጩማ ላይ አስቀምጠው ሁልጊዜ የሚጠይቁት ሦስት ነገር ነው። ምን መብላት ይወድ ነበር? በምን ይቆጣ ነበር? ማንም ሳያየው ምን ያደርግ ነበር? የት እንደተወለደ የሚነግራቸው ሰው ሲመጣ፣ "እሱን መዝገብም ያውቀዋል" ብለው ይቆርጡታል።

አንድ ሰው ብቻ አልጻፉም። እሷም ሚስታቸው ላሙን ናት።

ላሙን ያለ መጽሐፍ ነው የተቃጠለችው። ለቀስተኛው እጅ ላይ ለማስታወሻ የተሰጠችው፣ ሲያሸቷት አፍንጫ የምትከፍት የመድኃኒት ብልቃጥ ብቻ ነበረች፤ ከተማውም አማ። ለሰው ሁሉ ጽፎ ለገዛ ሚስቱ! መምህሩ ግን መልስ አላጡም፤ "ኮምፒውተሩ ነው" አሉ። "የእሷን ፋይል ልከፍት ስል ይቆማል።" ይቺን መልስ ይዘው ሦስት ዓመት ሊደፍኑ ነው። አሁን ግን የሦስተኛ ዓመት መታሰቢያዋ አንድ ወር ቀርቶታል። ለመነኮሳቱ ምግብ በሚቀርብበት በዚያ ቀን መጽሐፏን አድላለሁ ብለው ለገዳሙ አለቃ ቃል ገብተዋል።

ለነገሩ ኮምፒውተሩ ቀርፋፋ መሆኑ ሐሰት አልነበረም። የሚኖረው ቁም ሣጥን አናት ላይ ነው። ፊደል የያዘ ነገር እግር በሚረግጥበት አይቀመጥም፤ መቶ አርባ ሦስት ሙታን የያዘማ ጭራሽ አይታሰብም ብለው መምህሩ ዕጣን ከሚጨስበት ከቡድሃው መደርደሪያ ጎን፣ ከጣሪያው ቆርቆሮ ሥር ሰቅለውታል። ከዚያ ሽቦው ስክሪኑና ኪቦርዱ ወዳሉበት ጠረጴዛ ይንጠለጠላል። ጠዋት ወንበር ላይ ወጥተው ያበሩታል፣ ወርደው የሩዝ ሾርባ ይሠራሉ፣ ይበላሉ፣ ሳህን ያጥባሉ፤ ሲመለሱ እሱ ገና እየነቃ ነው።

ቅዳሜ ዕለት ኑይ ከባንኮክ መጣች። የላሙን የእህት ልጅ ናት፤ ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደገቻት ላሙን ስትሆን፣ አሁን አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ኮምፒውተር ትጠግናለች። ቦርሳዋን ሳታወርድ ወንበሩ ላይ ወጣች።

"ተይው ልጄ" አሉ መምህሩ። "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ።"

"ቆጥ ላይ የሰቀሉትማ እርስዎ ነዎት፣ አጎቴ!"

አውርዳ ከፈተችው። ውስጡ በዕጣን አመድ ተሞልቷል፤ ማቀዝቀዣው መዞር አቅቶት አንድ ቦታ ይንቀጠቀጣል።

"ኧረ አጎቴ! ይሄ ኮምፒውተር ነው ወይስ የዕጣን ማጨሻ? አከበርኩት ብለው በቁሙ ሲጠብሱት ኖረዋል እኮ!"

"ታዲያ ሙታኑን መሬት ላስቀምጣቸው ነበር?"

"ጠረጴዛ የሚባል ነገር ተፈጥሯል!"

ሳቁ፤ ግን ክዳኑን አንሥተው ሊመልሱት ሞከሩ። ኑይ ሙታኑ እንዳይጠፉባቸው የፈሩ መሰላት። ስለዚህ ምንም ነገር ሳትነካ ሁሉንም በሌላ ዲስክ ገልብጣ አሳየቻቸው። "መቶ አርባ ሦስቱም አሉ፣ ይቁጠሯቸው። አክስቴም አለች።" ከዚያ አመዱን ጠረገች፣ አሮጌውን ዲስክ አውጥታ ከቦርሳዋ የማይሽከረከረውን፣ ፈጣኑን አዲሱን ዓይነት አስገባች፣ ሚሞሪም ጨመረችለት። መምህሩ በሥራዋ መካከል ሁለት ጊዜ ምሳ ይቅደም አሉ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ዛሬ ቀኑ ጥሩ አይደለም አሉ። የፈሩት እንዳይበላሽ አልነበረም፤ እንዳይድን ነበር። ከዳነ ሰበባቸው አለቀ።

ኮምፒውተሩ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። ኑይ ስታበራው መምህሩ እንደ ልማዳቸው ወደ ማድቤት ሊሄዱ ተነሡ፤ ገና በሩ ጋ ሳይደርሱ ጠራቻቸው።

"የት ይሄዳሉ? ተከፍቷል!"

"ድስቱን እንኳ አልጣድኩም እኮ" አሉ።

"በሉ፣ የአክስቴን ይክፈቱ።"

ከፈቱት። ዓይን እስኪጨፈን አልቆየም። ነጩ ገጽ ላይ አንድ መስመር ብቻ ነበር። "ላሙን የተወለደችው ፔቻቡሪ ነው።" መዝገብም የሚያውቀው ነገር።

ኑይ ገጹን ወደ ታች አወረደችው፣ ባዶ ነው። ደሟ ፈላ። ሦስት ዓመት ሙሉ ከሐሜተኛው ጋር ስትከራከርላቸው የኖረችው እሷ ናት።

"ኮምፒውተሩ አልነበረማ!"

"አልነበረም" አሉ መምህሩ አንገታቸውን ደፍተው። "የሰው ሚስት ስጽፍ እጄ ይሮጣል። የእሷ ሲሆን ግን፣ መጽሐፉ ካለቀ እሷም ያለቀች እየመሰለኝ ፈራሁ። አፍሬም ነበር ልጄ።"

 የኑይ ቁጣ የትም አልደረሰም፤ እሷም ላሙን ናፍቃታለች። ከዚያ ኪቦርዱን ወደ ራሷ ሳበችና በመምህሩ ወንበር ተቀመጠች፤ እሳቸውን የሐዘንተኞቹ በርጩማ ላይ አስቀመጠቻቸው።

"ምን መብላት ትወድ ነበር?"

"ለቀባሪው አረዱት! ጥያቄውን ያመጣሁት እኔ፣ የምጠየቀውም እኔ?"

"እንግዲያው መልሱ አይጠፋዎትም።"

 "ከድስቱ ሥር ያረረውን ሩዝ። ነጩን ለእኔ ታቀርብና ያረረውን ትቆረጥማለች። እኔ የምወደው ይሄን ነው ትላለች። አርባ ዓመት አመንኳት።"

"እኔንም እንደዚያ ነበር የምትለኝ" አለች ኑይ፤ ፊደሎቹ እንባዋ ውስጥ ጠፉባት። "በምንስ ትቆጣ ነበር?"

"በዚሁ ኮምፒውተር! የሰቀልኩት ቀን፣ ሰዎቹ እንደሆኑ አንዴ ሞተዋል፣ አንተ ደግሞ በሙቀት ልትጨርሳቸው ነው አለችኝ።" ሁለቱም ሳቁ።

"ማንም ሳያያትስ?"

 "የሙት ታሪክ ያስፈራኛል፣ አላነብም ትለኝ ነበር። ከሞተች በኋላ ፍራሿን ሳነሣ መጽሐፎቼን ሁሉ አገኘኋቸው። የሳትኩትን ፊደል አንድ በአንድ በእርሳስ አርማዋለች። የማስተምረው ፊደል ነበር እኮ! አንድ ቀን እንኳ አላሳፈረችኝም።"

ኑይ ጻፈች። መምህሩ ከበርጩማቸው ተንጠራርተው ሲያነቡ ቆዩና ተነሡ።

"ነይ፣ ተነሽልኝ። ፊደል እየሳትሽ ነው፤ እሷ ደግሞ ይሄን አትወድም።"

ተቀመጡ። የመጀመሪያውን መስመር፣ መዝገብ የሚያውቀውን፣ ሰረዙት። በሱ ቦታ እንዲህ ብለው ጻፉ፦ "ላሙን ያረረ ሩዝ እወዳለሁ እያለች አርባ ዓመት ዋሸችኝ።"