አስተዳዳሪ ያደረግሁት ሰው ሻረኝ

ዛሬ እዚህ እንጅባራ፣ በገዛ ጣቴ የሾምኩት ሰው ከቢሯችን ዋና ኮምፒውተር፣ ከሰርቨሩ አስተዳዳሪነት ሻረኝ።

ጠዋት ኃላፊያችን የሚስታቸውን ወንድም ይዘው መጡና «ይሄን የሰርቨሩ አስተዳዳሪዎች ቡድን ውስጥ አስገባልኝ» አሉ።

«ጋሼ፣ ለማሽኑ ትዕዛዝ መጻፍ ይችላል?»

«ይለምዳላ! የኛው ሰው አይደል?»

አንዲት መስመር ጻፍኩ፤ ገባ። ማሽኑም እንደ ቢሯችን ነው፤ ምን ትችላለህ ብሎ አይጠይቅም።

ሰውየው ለልምምድ ብሎ እኔን የፕሪንተር ተጠቃሚዎች ቡድን ውስጥ ሊጨምረኝ ሲል ከትዕዛዙ ውስጥ «ጨምር» ማለት የሆነችውን አንዲት ፊደል ዘለላት። እሷ ከሌለች ማሽኑ ሰውን ከነበረበት ቡድን ሁሉ ያስወጣዋል። ከአስተዳዳሪነት ወጣሁ፤ የቀረችኝ ፕሪንተሯ ብቻ ነች።

«በል መልሰኝ» ስለው «እንዴት ነው የሚመለሰው?» አለኝ።

ኃላፊው ዘንድ ሄድኩ። «ተወው በቃ፤ አንድ አስተዳዳሪ ይበቃናል። አንተ ፕሪንተሯን ያዝ» አሉኝ።

ይኸው ይዣታለሁ፤ ወረቀት እንኳ የላትም።

እናንተንስ፣ በር ከፍታችሁለት ውጭ ያስቀራችሁ ማን ነው?